ጣት አራምባ፣ ጠቋሚ ቆቦ

«አንድ ማኪያቶ» አልኩ። ካሸሯ ጣቷን የሰደደችው «ማኪያቶ» ወደሚለው ሳጥን አልነበረም፤ ከሳጥኑ በስተግራ ወዳለው ባዶ ጠርዝ ነው። ደረሰኙ ግን ሳይሳሳት «ማኪያቶ» ብሎ ወጣ። ሒሳብ መዝጊያውን ስትነካም እንዲሁ ሳጥኑን አልፋ የቀኙን ጠርዝ ጫነች። መሃል ላይ ያለውን «ኬክ» ግን ቀጥ ብላ መታችው።

«ምነው እንደዚህ ትነኪዋለሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ መሃሉ እኮ ልክ ነው። ዳር ዳሩን ነው የሚሰስተው» አለችኝ፣ እንደ ተራ ነገር። «አዲስ ሰው ከገባማ ማኪያቶ ነክቶ ሻይ ይወጣበታል።»

ማሽኑ ከሰው እጅ የተገዛ ባለ 15 ኢንች ታች ስክሪን ነው፤ ከአንድ ተራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቷል። የድሮው ሲስተም እየከበደ ሲያስቸግር፣ የቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ ሊኑክስ ጫነበት። ካሸሯ ሊኑክስ ምን እንደሆነ ጠይቃም አታውቅ። ጣቷ ግን የመስታወቱን ጠባይ ሸምድዶታል። ማሽኑ ለሰው መስተካከል ሲገባው ሰው ለማሽኑ ተስተካክሏል። ማሽኑን ለሰው የማስተካከሉ ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል፤ የዛሬው ትውውቃችንም ከእሱ ጋር ነው።

ሁለት የማይተዋወቁ ጎረቤታሞች

ታች ስክሪን ስንል ስለ አንድ ዕቃ የምናወራ ይመስለናል። በዚህ ካፌ እንዳለው ባለ ዴስክቶፕ ስክሪን ላይ ግን ዕቃዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተነጥፏል። ከሥር ሥዕል የሚያሳየው ስክሪን አለ፤ ከላይ ንክኪ የሚቀበለው ገላጣ መስታወት። ስክሪኑ ጣት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። መስታወቱም ከሥሩ ያለው ማኪያቶ ይሁን ሻይ አያይም። አንድ ፍሬም ውስጥ ተጣብቀው ቢኖሩም፣ የአንዱ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ የሥዕል መሰኪያ፣ የሌላው ወደ ዩኤስቢ ለየብቻ ይሄዳል። የሚያስተዋውቃቸው ሶፍትዌሩ ነው። ትውውቁ ከተበላሸ ነገሩ አራምባና ቆቦ ይሆናል።

የካፌው መስታወት ሬዚስቲቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ላይኛው ንብርብር ስስ ፕላስቲክ፣ ታችኛው መስታወት ሲሆን፣ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ገጻቸው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ በተባለ፣ ብርሃን በሚያሳልፍና ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ልባስ ተቀብቷል። ዓይን የማይለያቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሁለቱን አራርቀው ይይዟቸዋል። ጣት ሲጫን ፕላስቲኩ ይጎብጥና ይገናኛሉ። የልባሱ ግራ ጫፍ ዜሮ፣ ቀኝ ጫፍ 5 ቮልት ቢሰጠው፣ መሃል ላይ ሲነካ 2.5 ቮልት ገደማ ይነበባል፤ ቮልቱ ቦታውን ይናገራል ማለት ነው። ከላይ ወደ ታችም በተመሳሳይ መንገድ ይለካል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ቺፕ ቮልቱን ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች። ቺፗ ባለ 12 ቢት ከሆነች ቁጥሩ ከ0 እስከ 4095 ይደርሳል።

በወረቀት ላይ የግራው ጠርዝ 0፣ የቀኙ 4095 ነው። በተግባር ግን ዳር ዳሩን የሚዞረው ማስተላለፊያ፣ ሽቦውና ማያያዣው ከቮልቱ ይቆነጥራሉ። በካፌው መስታወት ላይ የግራው ጠርዝ 410 ገደማ፣ የቀኙ 3686 ገደማ ሰጠ። ከሁለቱም ጫፍ አንድ አሥረኛ ያህል ጠፍቷል። ካሸሯ «ይሰስታል» ያለችው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየትም አላገኝለትም።

የስልካችን መስታወት ካፓሲቲቭ የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው። በውስጡ እንደ ወንፊት የተጠላለፉ፣ የማይታዩ የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። ጣት ሲጠጋ የአካባቢውን ቻርጅ ይለውጣል፤ ቺፑም የትኞቹ መስመሮች መገናኛ ላይ እንደሆነ ያነባል። መስመሮቹ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ስለተዘረጉ ቦታው በቀላሉ አይንሸራተትም። ስልክ ካሊብሬት አድርገን የማናውቀው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ሲዞር ወይም ሁለተኛ ስክሪን ሲሰካ ካፓሲቲቩም ይደናገራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን በማልቨርን ከተማ በሚገኘው የንጉሣዊው ራዳር ምርምር ተቋም ሆኖ በጣት ስለሚነካ ስክሪን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ያሰበውም ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ነበር። የሬዚስቲቩ መስታወት ነገር ደግሞ ከአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሳም ኸርስትና እ.ኤ.አ. በ1971 ከተመሠረተው ኢሎግራፊክስ ከተባለው ኩባንያው ጋር ይያያዛል።

የንክኪዋ መንገድ

ሊኑክስ ክፍት ምንጭ ሲስተም ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ይነበባል። ለካፌው ሥራ የጠቀመን ግን ኮዱን ማንበቡ ሳይሆን፣ ንክኪዋ ከጣት ተነስታ ደረሰኝ እስክትሆን የምታልፍበትን እያንዳንዱን ጣቢያ ቆመን ማየት መቻላችን ነው።

የመጀመሪያው ጣቢያ ከርነሉ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሲስተሙ እምብርት። ከመስታወቱ የመጣውን ጥሬ ቁጥር ተቀብሎ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ በተመደበ ልዩ ፋይል በኩል ያወጣዋል። ሁለተኛው ጣቢያ ሊብኢንፑት የተባለው ላይብረሪ ነው። ጥሬውን ቁጥር ወደ ንክኪ ትርጉም የሚለውጠው እሱ ነው፤ 1.0 ስሪቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ሦስተኛው የዴስክቶፑ አስተናባሪ ነው። ይህ ወይ እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ የተወለደው አንጋፋው ኤክስ፣ ወይም ክሪስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ዌይላንድ ሊሆን ይችላል። ማኪያቶና ሻይ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሽያጭ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው የሚመጡት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምርመራው የሚጀመረው ከመጀመሪያው ጣቢያ ነው። ኢቭቴስት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ እንደ አስተዳዳሪ ሆነው ተርሚናል ላይ ሲያስነሷት ከከርነሉ የሚወጣውን ቁጥር ሳትጨምር ሳትቀንስ ትዘረግፋለች። ጠርዙን ሲነኩ ስንት፣ መሃሉን ሲነኩ ስንት እንደሚመጣ በወረቀት መያዝ ነው። 410 እና 3686 የተገኙት እንዲህ ነው። ሲነኩ ምንም ቁጥር ካልመጣ ነገሩ የካሊብሬሽን አይደለም፤ ገመድ፣ መሰኪያ፣ ቺፕ ወይም ድራይቨር ነው።

ስሕተቱም መልክ አለው

ብዙ ሰው «ታች ስክሪኑ ይስታል» ብሎ ያቆማል። እንዴት እንደሚስት ነው ዋናው ጥያቄ። የገበያ ሚዛን የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ባዶውን 200 ግራም ላይ የቆመ ሚዛን ሩብ ኪሎ ቡናም አምስት ኪሎ ቡናም ላይ ያው 200 ግራም ይጨምራል። ኪሎውን 800 ግራም ብሎ የሚያነብ ሚዛን ደግሞ ዕቃው በከበደ ቁጥር ስሕተቱን ያበዛል። የመጀመሪያው ዜሮው የተንሸራተተ ነው፤ ሁለተኛው መለኪያው የጠበበ ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ታች ስክሪንም እንደዚያው ነው። ጠቋሚው በሁሉም ቦታ በእኩል ርቀት፣ በአንድ አቅጣጫ ከሳተ፣ መንሸራተት ነው። መሃል ላይ ልክ ሆኖ ወደ ዳር በሄዱ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ጥበት ነው። ግራ ሲነኩ ቀኝ፣ ላይ ሲነኩ ታች ከሄደ ደግሞ ተገልብጧል። ጣት በአግድም ሲሄድ ጠቋሚው ሽቅብ ከወጣ፣ ሁለቱ አቅጣጫዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ስክሪኑን በቁሙ ለመጠቀም በ90 ዲግሪ ያዞረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይህ ነው፤ ሥዕሉ ሲዞር መስታወቱ አልሰማም።

ሌላም አለ። ሁለተኛ ስክሪን ሲሰካ ኤክስ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ገበታ ያያቸዋል፤ መስታወቱ ግን የሚሸፍነው አንዱን ብቻ ነው። ያኔ የመስታወቱ ቀኝ ጠርዝ ሲነካ ጠቋሚው ሌላኛው ስክሪን ላይ ይገኛል። ይህ በእውነቱ የካሊብሬሽን ችግር አይደለም፤ የድንበር ችግር ነው። ኤክስኢንፑት በተባለው ትዕዛዝ መስታወቱን ከራሱ ስክሪን ጋር ማሰር ይበቃል።

በምንም ስሌት የማይድነው ደግሞ የሚንቀጠቀጥ፣ ሳይነካ የሚጫን፣ ወይም የሚጎብጥ ንክኪ ነው። የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ ማስመሪያ አስደግፎ መስመር መሳብ ጥሩ ፈተና ነው። መስመሩ ያዘነበለ ግን ቀጥ ያለ ከሆነ ይስተካከላል። እንደ እባብ ከተጠማዘዘ ግን ልባሱ ተበልቷል፤ አንዱ ቁልፍ በቀን መቶ ጊዜ በሚጫንበት ቤት ይህ ብርቅ አይደለም። ሳይነካ የሚጫን ከሆነ፣ ከሶፍትዌሩ በፊት ፍሬሙ ሥር የተጠራቀመውን ስኳርና አቧራ መጥረግ፣ ፍሬሙም መስታወቱን አጥብቆ እየተጫነው እንዳይሆን ማየት ይቀድማል።

ስድስት ቁጥሮች

የሊኑክስ መድኃኒት ማትሪክስ የሚባል የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው የሱቅ ሒሳብ ነው። የመስታወቱ ስፋት፣ ጥሬው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ከ0 እስከ 1 ተደርጎ ይታሰባል። ግራ ጠርዝ 0፣ መሃል 0.5፣ ቀኝ ጠርዝ 1 ነው። ለአግድሙ ሦስት ቁጥር፣ ለቁሙ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል። በአግድሙ ረድፍ የመጀመሪያው አቅጣጫውን ምን ያህል እንደሚለጥጥ፣ ሁለተኛው ከሌላው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚዋስ፣ ሦስተኛው ምን ያህል እንደሚገፋ ይናገራል፤ በቁሙ ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሚናቸውን ይለዋወጣሉ። ምንም ያልተነካው ማትሪክስ ይህን ይመስላል፦

1 0 0
0 1 0
0 0 1

ትርጉሙ «አግድሙም ቁሙም እንዳሉ ይለፉ» ነው። ሦስተኛው ረድፍ የስሌቱ ማሟያ ስለሆነ አይነካም። ስክሪኑ ተዘቅዝቆ ከተሰቀለ የመጀመሪያው ረድፍ −1 0 1፣ ሁለተኛው 0 −1 1 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቦታ ከ1 ላይ ይቀነሳል ማለት ነው።

ስድስቱን ያልታወቁ ቁጥሮች ለማግኘት ሦስት ነጥብ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ የአግድም፣ አንድ የቁም መረጃ ይሰጣልና። ኤክስኢንፑት ካሊብሬተር የተባለው የታወቀ ፕሮግራም ግን አራት መስቀሎች ያሳያል። ከየጠርዙ አንድ ስምንተኛ ገባ ብለው ይቆማሉ፤ አራተኛው ነጥብ የእጅን ስሕተት ለማጋራት ይጠቅማል።

የካፌውን እናስላ። ግራው መስቀል ያለበት 0.125 ላይ ነው፤ ሲነካ የመጣው 0.20 ነው። ቀኙ 0.875 ላይ ነው፤ የመጣው 0.80 ነው። በመስቀሎቹ መካከል ያለው እውነተኛ ርቀት 0.75 ሲሆን መስታወቱ ያወቀው 0.60 ብቻ ነው። 0.75 ለ0.60 ሲካፈል 1.25፤ መለጠጫው ይህ ነው። 0.20 በ1.25 ሲባዛ 0.25 ይሆናል፤ መሆን የነበረበት 0.125 ነው፤ ስለዚህ መግፊያው −0.125 ነው። በቀኙ ብንፈትነው፣ 0.80 በ1.25 ተባዝቶ 1፣ 0.125 ሲቀነስ 0.875። ገጠመ። መሃሉ 0.5 ደግሞ 0.5 ሆኖ ይቀራል፤ «መሃሉ ልክ ነው» ያለችው ካሸር ማትሪክሱን በጣቷ አስልታው ኖሯል። ቁሙ ደህና ስለነበር አልነካነውም።

1,024 ፒክስል ስፋት ባለው በዚህ ስክሪን ላይ ግራ መስቀሉ ጋ የነበረው ስሕተት ወደ 77 ፒክስል ይጠጋል፤ በማስመሪያ ሲለካ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን። አንድ የማኪያቶ ሳጥን ለመዝለል በቂ ነው።

ልጁ የወደቀባቸው ጉድጓዶች

የቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ከእኔ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሯል። መጀመሪያ ያንኑ ባለ አራት መስቀል ፕሮግራም አስነስቶ፣ የሰጠውን የዝቅተኛና የከፍተኛ ቁጥር ጽሑፍ በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ለጠፈ። «ለጠፍኩት፣ አስነሳሁት፣ ንቅንቅ አላለም» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። እነዚያ ቁጥሮች ኢቭዴቭ ለተባለው ለቀድሞው የኤክስ ድራይቨር የተበጁ ናቸው። የዛሬ ዴስክቶፖች ሊብኢንፑትን ስለሚጠቀሙ ጽሑፉን አልፈውት ይሄዳሉ፤ የሚሰሙት የማትሪክስ ቋንቋ ነው። ብዙ የድሮ መመሪያ ዛሬ የማይሠራው ተሳስቶ ሳይሆን የሚያናግረው ሰው ቤት ቀይሮ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ማትሪክሱን አገኘና ሦስተኛውን ቁጥር ብቻ ነካ፤ ወደ ግራ ገፋው። ማኪያቶው ተስተካከለ። ሒሳብ መዝጊያው ግን ከበፊቱ ባሰ። ጥበትን በመግፋት ለማዳን መሞከሩ ነበር፤ ኪሎውን 800 የሚያነብ ሚዛን ላይ 200 ግራም እንደመጨመር። ለአንድ ኪሎ ይሠራል፣ ለሦስት ኪሎ ያጭበረብራል። ደንግጦ እንደነበረ መለሰው።

እኔ ላስተካክለው በመጣሁ ቀን ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን። መዳፊትና ኪቦርድ አስቀድመን ሰካን፤ ማትሪክሱ ቢበላሽ በጣት መመለስ አይቻልምና። ሁለተኛው ጥንቃቄ መቀመጫው ነው። በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል ጥቂት ክፍተት ስላለ፣ ቆሞ የሚያይ ሰው መስቀሉን ከተቀመጠው ሰው ለየት ያለ ቦታ ላይ ያያል። ስለዚህ በካሸሯ ወንበር ላይ፣ በእሷ ቁመት ልክ ዝቅ ብለን፣ በጣት ፈንታ በደነዘ የእስክሪብቶ ጫፍ ነካን።

ቁጥሮቹን መጀመሪያ በኤክስኢንፑት ሞከርናቸው። ወዲያው ስለሚሠራ ለሙከራ ይመቻል፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን ይረሳል። «ማታ አስተካክዬው ጠዋት ተበላሸ» የሚባለው እሮሮ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ዌይላንድ ላይ ከሆነ ደግሞ ኤክስኢንፑት መስታወቱን ራሱን አያገኘውም። ከማንኛውም ትዕዛዝ በፊት የተከፈተው ዴስክቶፕ ኤክስ ይሁን ዌይላንድ መለየት የሚገባው ለዚህ ነው።

ዘላቂው ቦታ ዩዴቭ የሚባለው፣ ዕቃ ሲሰካ የሚነቃ የሲስተሙ በረኛ ነው። በእሱ ደንብ ፋይል ውስጥ «የዚህ አምራችና የዚህ ምርት መለያ ያለው መስታወት ሲመጣ የካሊብሬሽን ማትሪክሱ 1.25 0 −0.125 0 1 0 ነው» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል። ይህን የሚያነበው ሊብኢንፑት ራሱ ስለሆነ በኤክስም በዌይላንድም ይሠራል። መስታወቱን ነቅሎ መሰካት ወይም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ እኔም ተሳሳትኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው፣ ለኤክስ የሰጠሁትን የሙከራ ማትሪክስ በኤክስኢንፑት በኩል እንደገና የሚጭን መስመር በማስነሻው ውስጥ ረስቼ ኖሮ አብሮ ተነሳ። ሁለቱ ጣቢያዎች ተራ በተራ በ1.25 ሲያባዙት ጠቋሚው ከጣት አልፎ ወደ ውጭ ፈረጠጠ። ማረሚያ በአንድ ጣቢያ ብቻ መቀመጥ አለበት። የኤክሱን መስመር ሰርዘን ወደ «እንዳለ ይለፍ» መለስነውና፣ ሊብኢንፑት የሚያውቃቸውን ዕቃዎች እንዲዘረዝር ጠየቅነው። ከመስታወቱ ስም ሥር ካሊብሬሽን በሚለው መስመር ስድስቱ ቁጥሮቻችን ተቀምጠዋል። ልጁ መሃሉን ነካ፣ ግራውን ነካ፣ ቀኙን ነካ። ጠቋሚው ከጣቱ ሥር አልወጣም።

በማግስቱ ጠዋት

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩ። ካሸሯ ሥራ ጀምራለች።

«አንድ ማኪያቶ» አልኳት።

ጣቷን እንደ ልማዷ ከሳጥኑ በስተግራ ወዳለው ባዶ ጠርዝ ሰደደች። ምንም አልሆነም። ደግማ ነካች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት? አበላሹብኝ እኮ!»

«እስቲ ሳጥኑን ራሱን ንኪው» አልኳት።

በጥርጣሬ ነካችው። ደረሰኙ «ማኪያቶ» ብሎ ወጣ። ሣቀች። ቀጥሎ ላለው ሰው ሒሳብ ስትዘጋ ግን ጣቷ አሁንም ሳጥኑን አልፎ ወደ ቀኙ ጠርዝ ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ አላትና መለሰችው። የመስታወቱ ጥበት በአንድ መስመር ተስተካክሏል፤ የእሷ ጣት ግን ሳምንት ሙሉ ከመንገድ ሲመለስ አየሁት።